በግድግዳው ካልሆነ በጣራው

ሰኞ፣ መጋቢት 14

«አየር ነው እኮ! አየር ደግሞ ግድግዳ ተቦርቡሮ ይቀበራል?» አሉኝ አያ ሙሉ ዛሬም። ግንበኞቹ በሙሉ ሳቁ። ይሳቁ። ፎርማኑ እሳቸው ቢሆኑም ቤቱ የኔ ነው። ግድግዳውም የኔ፣ የምቦረቡረውም እኔ።

ልስኑ ዓርብ ይጀመራል። ከልስኑ በፊት የኢንተርኔት ገመድ ማሳለፊያ ቱቦ ካልቀበርኩ፣ ነገ ዛሬ ስል የተለሰነ ግድግዳ ላፈርስ ነው። ይኼን ለማስረዳት ረፋዱን ፈጀሁት። እሺ፣ ዋይፋዩ አየር ነው። ግን ያ አየር ብሎኬት ሲያገኝ ይደክማል። ከሳሎን እኔ እስከምሠራበት የኋላ ክፍል ድረስ ሦስት ግድግዳ አለ። የኔ ኮምፒውተር የሚፈልገው ደግሞ ገመድ ነው፤ የሚሰካ፣ በእጅ የሚጨበጥ ገመድ።

«ሳሎን ቁጭ ብለሽ ብትሠሪስ?» አሉ። ከሳሎኑ ፊት ለፊት ወፍጮ ቤት አለ! እኔ ስልክ የማነሳ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ላለ የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ድርጅት፣ ከቤቴ ሆኜ ደንበኛ አነጋግራለሁ። ቀኑን ሙሉ «እንደምን ዋሉ፣ ምን ልታዘዝ?» ወፍጮ እየጮኸብኝ ምኑን ልታዘዝ?

አለቃዬ ሰላማዊት ቁርጡን ነግራኛለች። በሞባይል ዳታ መስመሬ ይቆራረጣል፤ ደንበኛው «ሄሎ፣ ሄሎ» ብሎ ይዘጋዋል። የፊታችን ሳምንት ዓርብ ሙሉ ቀን ትፈትነኛለች። ካለፍኩ እዚሁ ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ፣ እየሠራሁ እኖራለሁ። ካላለፍኩ አዲስ አበባ ተመልሼ ቢሮ መግባት ነው። ያን ጊዜ እማዬን ወንድሜ ኮላ ድባ ይወስዳታል። መሪጌታው አባታችን ካረፈ ወዲህ ብቻዋን መኖር አትችልም። ስኳር አለባት፤ መርፌዋን ትወጋና መወጋቷን ትረሳዋለች።

አልሄድም። እሷም አትሄድም። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

መላኩ ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። ሸጋ ሰው ነው፣ እጁም ፈጣን ነው፤ አፉ ግን ከእጁ ይቀድማል። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ስናሰምር ዋልን።

ሳሎን፦ መስመሩ ከመንገዱ ምሰሶ የሚገባበት።
የኋላ ክፍል፦ ሁለት መሰኪያ። አንዱ ቢያስቸግር ሌላው አለ።
ኮሪደር፣ ከላይ፦ ዋይፋዩን ለቤቱ ሁሉ የሚያዳርሰው ዕቃ።
የእማዬ መኝታ፦ አንድ መሰኪያ።

«ለማዘር ደግሞ ምን ያደርግላቸዋል?» አለ መላኩ።

«እሷ ሰው አይደለችም?» አልኩት። ጠመኔውን አንስቶ አሰመረ።

ከዚያ ጠባችን ተጀመረ። የመብራቱ ሽቦ በሚሄድበት ቱቦ የኔንም ገመድ አብሮ ሊከተው ነበር። «ሁለቱም ሽቦ፣ ሁለቱም የአንድ ቤት፤ ምን አጣላቸው?» አለ። መብራቱ ዳታውን ይረብሸዋል፤ ደግሞም አደጋ ነው፤ ለየብቻ ይሂዱ አልኩ። «ከየት ያመጣሽው ነው?» «ካነበብኩት!» «እኛ ስንት ዓመት የሠራነው ታዲያ?» «የኔን ቤት አልሠራህም!» በመጨረሻ አንድ ክንድ ያህል አራራቅናቸው። እያጉረመረመ ነው የሄደ፤ ቢሆንም አራርቋል።

እማዬ ከሰርቪስ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ስንጨቃጨቅ ትሰማን ነበር። ትልቁ ቤት እስኪያልቅ የምናድረው እዚያ፣ ግቢው ውስጥ ካለችው ሰርቪስ ነው። «አባትሽም እንዲህ ነበር» አለችኝ ስገባ። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ አልጠየቅኳትም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

ኪዳነ ምሕረት። አንድ ሠራተኛ ዝር አላለም። ይኼንን እንዴት ረሳሁት? ቀን አልቆብኝ መዶሻና መሮ ይዤ ገባሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳልመታ እማዬ ነጠላዋን እያጣፋች ደረሰች።

«ምነው? ምነው ልጄ? ዛሬ ማን እንደሆነች ጠፋሽ?»

«እማዬ፣ ቀን የለኝም።»

«ቀኑንስ ያለሷ ምልጃ ማን ሊሰጥሽ?»

ተከራከርን። የመሪጌታ ሚስት ናት፤ በክርክር አትረታም። መጨረሻ ላይ ተስማማን፦ መዶሻ አይጮኽም፣ ግድግዳም አይቆፈርም፤ ሌላውን አላየሁም ትላለች። ቱቦውን በልኩ በመጋዝ ስቆርጥ ዋልኩ። «መጋዙስ?» አለች ከውጭ። «መጋዝ አይጮኽም፣ ያጉረመርማል» አልኳት። ስትስቅ ሰማኋት።

ከሰዓት አስማረ መጣ። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ኮላ ድባ እህል ይነግዳል። ልቡ ደግ ነው፤ ችግሩ ለሁላችንም እሱ ይወስንልናል። ቱቦውን አየና አንገቱን ነቀነቀ። «አንቺ ጤፍ አትገዢ፣ ዘይት አትገዢ፣ ላስቲክ ትገዢ!» አለ። ቀጠለና «ሥራሽን አታበላሺ፣ ግቢና ሥሪ። እማዬን እኔ እወስዳለሁ። ፈተናሽ ባለፈ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለ።

«ለምን? ማን መጥተህ ውሰዳት አለህ?»

«ማንስ አትውሰዳት አለኝ?»

ሁለታችንም ወደ እማዬ ዞርን። የነጠላዋን ጥለት ስታፍተለትል ቆየች። የአስማረ ንግግር አይደለም የከነከነኝ፤ የሷ ዝምታ ነው። እኔ ለማን ብዬ ነው እንዲህ የምሟገተው?

ዓርብ፣ መጋቢት 18

ትናንት አልጻፍኩም፤ እጄ እስክሪብቶ አይዝም ነበር። መሮ ስይዝ ዋልኩ፤ መዳፌ ውኃ ቋጥሯል። ግን ቱቦው ሁሉ ገብቷል! አፋቸው ብቻ በየክፍሉ ብቅ ብሎ ቀርቷል። አያ ሙሉን ደጋግሜ «አፋቸውን እንዳትነኩ» ብያቸዋለሁ። «እሺ ልጄ፣ ምን በወጣኝ» ብለውኛል።

ዛሬ ልስን ተጀመረ። እኔ ገመድ ልገዛ ጎንደር አራዳ ወጣሁ። ባለ ሱቁ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ባለቤትሽ ቢመጣ እንነጋገር ነበር» አለኝ። «ባለቤቴን ከፈታሁት ቆየሁ፤ ገመዱን አምጣ» አልኩት። አጠገቡ የቆሙት ሳቁ፤ እሱ ቀላ። አንድ ጥቅል አወጣልኝ። ጫፉን ላጥኩና መዳቡን በምላጭ ፋቅኩት፤ ከሥሩ ነጭ ወጣ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም! «ይኼ ለልብስ ማስጫ ይሁንልህ» አልኩት። ሁለተኛው ሱቅም እንደዚያው። ሦስተኛው ሱቅ የነበረችው ሴት ራሷ ፍቃ አሳየችኝ፤ ውስጡም ቀይ ነው። ከሷ ገዛሁ። ብትመርቀኝ ደግሞ ደስታው ባሰብኝ፤ ታክሲ ውስጥ ጥቅሉን እንደ ሕፃን አቅፌ ለብቻዬ ስስቅ መጣሁ።

ስደርስ መሽቷል፣ መብራትም የለም። በስልኬ መብራት ግድግዳውን ዳበስኩት፤ ልሙጥ ነው። «ሸጋ አርገነዋል» አሉ አያ ሙሉ። ሸጋ ነበር።

እሑድ፣ መጋቢት 20

ትናንት ገብርኤል። ዛሬ ሰንበት። ነገ ማርያም። የጎንደር ሰው ቤት የሚያልቅለት መቼ ነው? አልቃወምም፤ በዓሉ ይከበር፤ ግን ሰላማዊት የሚካኤልንና የገብርኤልን አቆጣጠር አታውቅም።

ቁርስ ላይ እማዬን ፊት ለፊት ጠየቅኳት። «ኮላ ድባ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«እግዜር ያውቃል» አለች።

እግዜርማ ያውቃል! የጠየቅኩት አንቺን ነው! ይኼን ግን አፌን ሞልቼ አላልኩትም። መርፌዋን ወግቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 22

ተደፍኗል። ሁሉም!

መላኩ ገመዱን የሚጎትተውን ሽቦ ሊከት የቱቦውን አፍ ቢፈልግ አጣው። በሌላው ጫፍ ፈለገ፤ እዚያም የለም። ልስኑን ፍቀን ስናይ ቱቦው አፍ ላይ ሲሚንቶ። አፉ ላይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ቀጭን ተደርጎ ተበጥብጦ ወደ ውስጥ የፈሰሰ፣ ውስጥ የደረቀ ሲሚንቶ። የሳሎኑም፣ የኋላ ክፍሉም፣ የኮሪደሩም፣ የእማዬ መኝታም።

«አያ ሙሉ!» ብዬ የጮኽኩት ጩኸት ወፍጮ ቤት ድረስ ተሰምቷል።

«እኔን ምን ታደርጊኛለሽ?» አሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «እናትሽ ናቸው ያስደፈኑን። እምቢ ብላቸው ሊገዝቱኝ!»

እማዬ ናት። ዓርብ እኔ አራዳ ስዞር ገብታ ቀዳዳዎቹን አየች። አንዱ ከውጭ ነው የሚገባው፤ እጇን ብትደቅን ነፋስ ሽው አለባት። «ልጄ ቀኑን ሙሉ እዚህ ተቀምጣ ነፋስ ሊመታት ነው? ጀርባዋን ሊይዛት? ድፈኑልኝ! እስከ ውስጡ ድፈኑልኝ!» ብላ ቆማ አስደፈነች። አውቶቡስ ውስጥ በዚያ ሙቀት መስኮት ተከፈተ ብለው የሚጣሉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ከነሱ አንዷ እናቴ ናት። ግድግዳ ውስጥ ያለ ነፋስ ግን እንዴት ብዬ ልገምት!

ተናደድኩ። መላኩንና አያ ሙሉን ሳላፍር ተናገርኳት። «ሆን ብለሽ ነው! እንዲበላሽብኝ ነው የፈለግሽ! ኮላ ድባ መሄድ አምሮሽ ነው!»

ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አለች። ሰዎቹ ቀስ ብለው ወጡ።

«ኮላ ድባ?» አለች። «ምነው ጥሩዬ? እኔ ምራቴ ቤት ጥግ ይዤ፣ ተነሽ ስባል ተነስቼ፣ ብይ ስባል በልቼ መኖር ያምረኛል? ነፋሱን ፈርቼ ነው፣ ኪዳነ ምሕረትን! ዝም ያልኩትማ ሌላ ነው። ለኔ ብለሽ ዕድሜሽን እዚህ እንዳትቀብሪ ብዬ ነው። ሂጂ ብል ትቆጪያለሽ፤ ተቀመጪ ብል ነገ ታዝኚብኛለሽ።»

«ለአንቺ ብዬ አይደለም!» አልኩ፤ አሁንም እየጮኽኩ ነው። «ለራሴ ነው! አዲስ አበባ የሰው ቤት፣ የሰው ግቢ፣ የአከራይ ፊት ሳይ ስንት ዘመን! እዚህ መኖር የምፈልገው እኔ ነኝ። አንቺን የምፈልገው እኔ ነኝ። ደግ ሆኜ አይደለም፣ እወድሻለሁ!»

እንዲህ ብያት አላውቅም ነበር። እኛ ቤት አይባልም፤ እንጀራ ይጨመራል እንጂ። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና «እንግዲህ ገመዱን በየት እናስገባው?» አለች።

ሰዎቹ ሲመለሱ አያ ሙሉ ግድግዳው ፈርሶ እንደገና ይሠራ አሉ። እሱ እስኪሆን ፈተናው ያልፋል። ክፍሉ መሐል ቆሜ ወደ ላይ አየሁ። ኮርኒሱ ገና አልተመታም። በግድግዳው ጫፍና በቆርቆሮው መሐል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ ከሳሎን እስከ ኋላ ድረስ።

«በጣራው!» አልኩ።

«ቆርቆሮው ያቃጥለዋል፣ አይጥም ይበላዋል» አለ መላኩ።

«አዲስ ቱቦ እናለብሰዋለና!»

«ነገ እኮ ጊዮርጊስ ነው። እኔ አልሠራም።»

እሺ። አትሥራ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 23

ሠራሁት! እኔ፣ ጥሩወርቅ፣ በጊዮርጊስ ቀን።

ጠዋት መሰላሉን አቆምኩ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስማ ተመለሰች፤ እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ። ቆማ አየችኝ።

«መዶሻ አለው?»

«የለውም። ማሰርና መሳብ ብቻ ነው።»

ትንሽ አሰበች። «ጊዮርጊስ ፈረሰኛ ነው፤ የቸኮለ ሰው ነገር ይገባዋል» አለችና መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች።

ላዩ ይፋጃል። የሸረሪት ድር አፌ ውስጥ ገባ። ቱቦውን በየማገሩ በሽቦ እያሰርኩ፣ ገመዱን እያሳለፍኩ፤ እማዬ ከታች ጥቅሉን ትፈታለች። «ልቀቂ!» «ለቀቅኩ!» «ያዢ!» «ያዝኩ!» ሦስት ጊዜ ተቋጥሮብን ሦስት ጊዜ ፈታችው፤ ጥጥ የፈተለ እጅ ነው። ጎረቤታችን በአጥር በኩል ሱሪዬን አይታ «ምነው፣ ወንድ ጠፋ?» አለች። እማዬ መሰላሉን ሳትለቅ «ወንዱ በዓል ያከብራል!» አለቻት።

ማታ አያ ሙሉ ሊያዩ መጡ። በማዕዘኑ የወረደውን ቱቦ አዩት። ልሙጥ ልስናቸው ላይ ነጭ ቱቦ ተጋድሟል። «ያስጠላል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ያስጠላል፣ የኔ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24

የኢንተርኔት መስመር የሚዘረጉት የፋይበሩ ሰዎች ጠዋት እንመጣለን ብለው ከሰዓት መጡ። ስንደውልላቸው «መንገድ ላይ ነን» ይላሉ፤ የትኛው መንገድ እንደሆነ አልነገሩንም። ደግነቱ መጡ። ከምሰሶው ስበው ሳሎን ሣጥኗን ሰቀሉ፤ አረንጓዴ በራች።

የኋላ ክፍሉን ጫፍ ራሴ ገጠምኩት። ስምንት ቀጫጭን ሽቦ፣ እያንዳንዱ በቀለሙ ተራ። መጀመሪያ ስሰካው ምንም የለም። ላብ አጠመቀኝ። አጉልቼ ባየው አረንጓዴውንና ሰማያዊውን አቀያይሬያለሁ። ቆርጬ እንደገና ገጠምኩት፤ በራ። እማዬ ላይ ዘልዬ ልጥላት ነበር።

የኮሪደሩንም ሰቀልኩ። መብራት ከሄደ ብዬ አንድ ባትሪ ለሣጥኗ ሳሎን፣ አንድ ለኮምፒውተሬ ከጠረጴዛዬ ሥር አኖርኩ። ውኃ ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ ሳሎን ያለችው ሣጥን ዳንቴል ለብሳለች! «እማዬ፣ ይሞቃታል!» «ራቁቷን ልትቀመጥ ነው? ሰው ሲመጣ?» ብላ ተከራከረችኝ። ዳንቴሉን ከሥሯ አነጠፍነው፤ በዚያ ታረቅን።

የይለፍ ቃል ሳወጣ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የቤት ቁልፍ በይው። ይኼን ያላወቀ አይገባም።»

«እንግዲያ እኔ ልያዘው» አለች። ረጅም ቁጥር አወጣች፤ ቤቱ ውስጥ ከኛ ሌላ ሰው ሳይኖር በጆሮዬ ነገረችኝ። ምን እንደሆነ እዚህም አልጽፈውም።

ነገ ነው። 

ዓርብ፣ መጋቢት 25

በጠዋቱ መጀመሪያ የእማዬ መርፌ፣ ከዚያ ማዳመጫዬን ራሴ ላይ አጠለቅኩ። «እንደምን አደሩ፣ ምን ልታዘዝ?»

እማዬ የክፍሌ በር ላይ ወንበር ዘርግታ ዘብ ቆመች። ዶሮ እንኳ አላሳለፈችም።

ረፋድ ላይ አውቶቡስ ጥሎት የሄደ ሰውዬ ደወለ። ይሳደባል። በሌላ ቀን መስመሩ ተቆርጦ ይገላግለኝ ነበር፤ ዛሬ አልቆረጥ አለ! እስኪበርድለት ሰማሁት፤ ሌላ መኪና አገኘሁለት። ሲዘጋ «ጥሩ ሰው ነሽ» አለኝ። አይ፣ ባወቅከኝ!

ከምሳ በኋላ መብራት ሄደ።  ባትሪዎቹ ቀጭ አሉና ያዙ፤ ያቺ አረንጓዴ ዓይን ፍንክች አላለችም። ይባስ ብሎ ወፍጮው ቆመ፤ እንዲያ ያለ ጸጥታ በዚህ ቤት አልሰማሁም።

ወደ ማታ ሰላማዊት ደወለች። «አንድም ጊዜ አልተቋረጠብሽም። ቢሮ መጥተሽ ነው እንዴ?»

«ፀዳ ነኝ። ከቤቴ።»

ሳቀች። «እስከ ክረምት በዚሁ ትቀጥያለሽ፤ ከዚያ ደግሞ እናያለን።»

እናያለን አለች። የክረምቱ መብረቅ ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። ሲመጣ እገጥመዋለሁ። በሩን ስከፍት እማዬ ቃል ሳልናገር ገባት፤ ግንባሬን ይዛ ሳመችኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 26

አስማረ መኪና ይዞ መጣ! ማታ ደውዬ «አልፌያለሁ» ብዬዋለሁ፤ «እስቲ ዓይኔ ይየው» ብሎ ነበር። የጭነቱ ቦታ ባዶ ነው፤ ለእማዬ ፍራሽና ሣጥን።

ገመዱን ከሳሎን እስከ ኋላ ክፍል በዓይኑ ተከተለው። «ለትናንት ሠርቷል» አለ።  ሽሮ አቀረብኩ፣ በላን። ከዚያ የእህል ዋጋ ሊጠይቅ ስልኩን አወጣ፤ መንገድ ላይ ዳታው አልቆበታል።

«የዋይፋዩ ቁልፍ ስንት ነው?» አለኝ።

«እማዬን ጠይቃት።»

የቀለድኩ መሰለው። እማዬ እጇን ቀስ ብላ ታጥባ፣ ቀስ ብላ አደራርቃ ተቀመጠች።

«ምን ልትወስድ ነው የመጣኸው፣ አስማርዬ?»

«አንቺን ነዋ።»

«እንግዲያ ቁልፍ የለም።»

«እማዬ!»

«ተቀመጪ፣ ቤትሽ ነው በለኝ። አንተ በለኝ፣ በአፍህ።»

ወደኔ ዞረ። እኔ ጣራውን ማየት ጀመርኩ።  ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ትቀመጪ እንጂ! ቤትሽ ነው፤ ማን ውጪ አለሽ?» አይላትም!

እማዬ እስክታስል ሳቀች። ጠጋ አለችና በጆሮው ቁጥሩን ነገረችው። እሱ ጣቱን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል።

«ይኼ ግማሹ ነው። ሌላውስ?»

«ሌላውን ለፋሲካ። ልጆችህን ይዘህ ስትመጣ።»

ባዶ መኪናውን አስነስቶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ጠራኝና የቀረውን ግማሽ እንድነግረው በሹክሹክታ ለመነኝ። አልነገርኩትም።